መጋረጃ ዘግተን የምናያቸው ፊልሞች፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ ብሎክ ምድር ቤት ፊልም የሚጭን ልጅ አለ። ማታ ከመገናኛ መጥተን ከታክሲ ስንወርድ ፍላሻችንን ለእሱ ሰጥተን ወደ ፎቅ እንወጣለን። አንድ ምሽት ከፊቴ የቆሙት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ጎረቤታችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የወንጀል ይሁን... እንደ ባለፈው ዓይነት» አሉት። ልጁ «ገባኝ ጋሼ» ብሎ ሌላ ምንም ሳይጠይቅ ጫነላቸው። እኔም የመጣሁት ለዚያው ነበር።

«እንደ ባለፈው ዓይነት» የሚባሉትን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ቆንጆ ሴት፣ ራሱን ብልህ አድርጎ የሚቆጥር ወንድ፣ ብዙ ገንዘብ፣ አልጋ፣ ሬሳ፣ ከዚያም እስከዚያች ደቂቃ ያመንነውን ሁሉ የሚገለብጥ መጨረሻ። ፍትወትና ወንጀል የተጋመዱባቸው እነዚህ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ለእኔ ከብዙ «ቁም ነገረኛ» ፊልሞች ይበልጣሉ። ነገር ግን ሰው ተደብቆ ስለሚያያቸው በግልጽ አያወራባቸውም፤ ባለማውራቱም ጣዕማቸውን የሚያበላሹ ስህተቶች ሳይታረሙ ይኖራሉ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የአልጋውን ትዕይንት መዝለል ነው። አንዱ በሐፍረት ያሳልፈዋል፤ ሌላው ወደ ታሪኩ ለመድረስ ሲቸኩል። እሱን ብቻ ፈልጎ የቀረውን የሚዘለውም ያው ነው። ቅኔ የሚወድ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ሰሙንና ወርቁን አጣምሮ የሚይዘው ኅብረ ቃሉ ነው፤ እሱን የዘለለ ሰሙንም ወርቁንም ያጣል። የፍቅሩ ትዕይንት የእነዚህ ፊልሞች ኅብረ ቃል ነው። ለወንዱ ፍቅር የሆነው ለሴቲቱ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ደግሞ በወንዱ ዓይን ስለምናይ አብረነው እንታለላለን። ዳይሬክተሩ ፍንጩን የሚያስቀምጠው ዓይናችን በሥጋው ላይ ባረፈባት ሰዓት ነው።

ከእህቴ ጋር ያየሁት አንድ ፊልም ነበር። ያ ትዕይንት ሲጀምር እህቴ ቡና ልታቀርብ ተነሣች። መጨረሻ ላይ ነገሩ ሲገለበጥ «ይህ ከየት መጣ? አጭበረበሩን!» ብላ ተቆጣች። ወደ ኋላ መልሼ አሳየኋት። ሰውየው ፊቱን አንገቷ ሥር ቀብሯል፤ ሴትየዋ በትከሻው ላይ አሻግራ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች። ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም። እህቴ ሲኒዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

በዚህ ምክንያት የተቆራረጠ ቅጂ ማየትም ስህተት ነው። ከሳተላይት ጣቢያ የተቀዳ ፊልም ላይ መሳሳሙ ሲቆረጥ ፍንጩም አብሮ ይሄዳል። የሠሪዎቹ ስም መውረድ ሲጀምር መዝጋትም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው «ዋይልድ ቲንግስ» ታሪኩ በእርግጥ እንዴት እንደተፈጸመ የሚያሳየው በስም ዝርዝሩ መካከል ነው። ቀድሞ የዘጋው ሰው ሌላ ፊልም ነው ያየው።

ሌላው ስህተት ንቀት ነው፤ «ራቁት ሰው አሳይቶ ገንዘብ መሰብሰብ ምን ጥበብ አለው?» የሚባለው። የሎውረንስ ካዝዳን «ቦዲ ሂት» እ.ኤ.አ. በ1981 ሲወጣ ተመልካች ያስታወሰው የፍሎሪዳን ሙቀት፣ ከሰውነት የማይደርቀውን ላብ ነው። ሲቀረጽ ግን አየሩ ቀዝቃዛ ነበር። ላቡ የተረጨ ውኃ ነው፤ ተዋንያኑም ትንፋሻቸው እንዳይጨስ በረዶ አፋቸው ውስጥ ይዘው ይመጥጡ ነበር። ይህንን ካወቅሁ በኋላ ፊልሙን በሐምሌ ብርድ፣ ጋቢ ተከናንቤ ደግሜ አየሁት፤ ሞቀኝም። ይህ ጥበብ ካልሆነ ጥበብ የምንለው ምኑን ነው?

ቅጣትን እያሰቡ መጨረሻውን መገመትም ያሳስታል። በሆሊውድ እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 1968 ይሠራበት የነበረው የሥነ ምግባር ደንብ ወንጀለኛ ሳይቀጣ እንዲያመልጥ አይፈቅድም ነበር። የቢሊ ዋይልደር «ደብል ኢንደምኒቲ» እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው በዚያ ደንብ ሥር ነው። ባልን ገድሎ የኢንሹራንስ ገንዘብ ለመውሰድ የተማማሉ ሁለት ሰዎችን እያየን የምንጨነቀው እንዴት ይያዙ ይሆን ብለን ነው። ደንቡ ከቀረ ወዲህ በተሠሩት ላይ ግን «ክፉ የሠራ የእጁን ያገኛል» የሚለው እምነታችን ራሱ ወጥመድ ሆኗል። ባለ ፊልሙ እንደዚያ እንደምናስብ ያውቃል፤ የሚያታልለንም በእሱ ነው።

አሁን የምናገረው ከልቤ የሚያናድደኝን ነው። በእነዚህ ፊልሞች ያለችውን ሴት የሴት ሁሉ መልክ አድርጎ መውሰድ ከባድ ስህተት ነው። ታክሲ ውስጥ ሳይቀር «አየህ፣ ሴት ማለት ይህች ናት» ሲባል ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የኤድሪያን ላይን «ፌታል አትራክሽን» ላይ በመጀመሪያ የተቀረጸው መጨረሻ ሌላ ነበር። ለሙከራ ያዩት ተመልካቾች ስላልረኩ እንደገና ተቀረጸ፤ ገጸ ባሕሪዋን የተጫወተችው ግሌን ክሎዝ ለውጡን ተቃውማለች። መጨረሻውን አልናገርም። ነገር ግን የዚያች ሴት ዕጣ የተወሰነው አዳራሽ ውስጥ በተቀመጠ ሰው ቁጣ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ስለዚህ እዚያ የምናየው የወንድን ፍርሃት እንጂ የሴትን ባሕርይ አይደለም። እኔ ሴት ሆኜ እነዚህን ፊልሞች የምወደው ብዙ ጊዜ በቤቱ ውስጥ አስቀድማ የምታስብ ሰው እሷ ብቻ ስለሆነች ነው።

ልጆች ባሉበት አይከፈትም። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስስ ስለሆነም ድምፁን ዝቅ ማድረግ ነው።

መጨረሻውን መጠየቅስ? ባለፈው ክረምት ፊልሙ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቀረው መብራት ጠፋ። እህቴ መጨረሻውን ስልኳ ላይ ልትፈልግ ስትል ከለከልኳት። ሻማ አብርተን እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ተከራከርን። እሷ ባልየው አልሞተም አለች፤ እኔ ጠበቃውን ጠረጠርኩ። ሻማው አልቆም አልተኛንም። መብራቱ የመጣው በማግሥቱ ማታ ነበር፤ ሁለታችንም ተሳስተናል። ልጆች ሆነን እንቆቅልሽ ስንጫወት «ምን አውቅልሽ» ብለን መልሱ ሲጠፋን አገር እንሰጥ ነበር። አንድም ግምት ሳይሞክሩ መልሱን መጠየቅ አገርን በነፃ መስጠት ነው። ሳይጠየቁ መናገር ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ክሉዞ እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው «ሌ ዲያቦሊክ» ማብቂያ ላይ ያዩትን ለወዳጆቻቸው እንዳይናገሩ ተመልካቾቹን በጽሑፍ ተማጽኗል። እኛም ሰፈር ያንን ጽሑፍ በየደረጃው ላይ ብለጥፈው ደስ ይለኛል።

የመጨረሻው ስህተት አንዴ አይቶ ማጥፋት ነው። ፍላሹ ሲሞላ መጀመሪያ የሚጠፋው «መጨረሻውን ያወቅነው» ፊልም ነው። መጨረሻውን አውቆ ሲመለሱበት ግን ሌላ ታሪክ ይጠብቃል፦ ወንዱን ትቶ ሴትየዋን ብቻ መከተል፣ የት ላይ እንደዋሸች፣ የት ላይ ለአፍታ ከልቧ እንደሆነ መለየት። ባለፈው ሳምንት ጋሼን እዚያው ሱቅ አገኘኋቸው። ፍላሻቸው ሞልቶ ልጁ የቱን ላጥፋ ሲላቸው አንዷን በጣታቸው እየጠቆሙ፣ በዚህ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ፣ «ይህቺን እንዳትነካ፤ ገና አልጨረስኳትም» አሉት። ሦስት ጊዜ እንዳዩዋት ነግረውኛል።