የካቲት 13 ሌሊት ጨረቃን ለማየት ለምትነሱ፦ እነዚህን ስህተቶች ተዉአቸው

የካቲት 13 ቀን 2019 ዓ.ም፣ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ የጨረቃ ግርዶሽ አለ። ሰማዩ ከጠራ ከደሴም ከኮምቦልቻም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይታያል። ግርዶሽ በመጣ ቁጥር ተማሪዎቼንና ጎረቤቶቼን ሰብስቤ ስለማሳይ፣ የት የት ላይ እንደምንሳሳት ለምጄዋለሁ። ይኼኛው ደግሞ ለስህተት የተመቸ ነው።

ከሁሉም የባሰው «ደም ጨረቃ» ብሎ ሰው መጥራት ነው። እባካችሁ ይቅርባችሁ። ጨረቃ የምትቀላው መሬት በምትጥለው ዋናው ጥላ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ስትገባ ነው። በዚያ ሌሊት ግን ዋናውን ጥላ አትነካውም። የምታልፈው በዙሪያው ባለው ስስ ጥላ፣ ፔኑምብራ በሚባለው ውስጥ ነው። እዚያ ጥላ ውስጥ መሬት የምትጋርደው የፀሐይን ከፊል ብቻ ስለሆነ ብርሃኑ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ከጨረቃ ዲያሜትር 93 በመቶ ያህሉ እዚያ ይገባል፤ ሆኖም በዓይን የምታዩት ሰሜናዊ ጎኗ የኩራዝ ጥላሸት እንደነካው መስታወት ጠየም ሲል ብቻ ነው። ምን እንደሚያይ ለሚያውቅ ሰው በጣም ደስ ይላል። ፌስቡክ ላይ ቀይ ፎቶ አይቶ፣ ሸዋ በር ላይ በዚያ ብርድ ልጆቹን ቀስቅሶ ለወጣ አባት ግን ተታለልኩ ማለት ነው። ያ ሰው ሁለተኛ አይወጣላችሁም። እውነተኛው ቀዩ ግርዶሽ ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም፣ ገና በጊዜ፣ ከምሽቱ 1:17 እስከ 2:28 ድረስ ከእኛው ሰማይ ላይ ሲሆን «ያኔስ ምን አየንና ነው?» ብሎ በሩን ይዘጋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ሰው ስትጠሩ ያለውን ንገሩት፤ «ጨረቃ ትንሽ ትጠይማለች፣ ልዩነቱን አብረን እንፈልግ» በሉት። ልጆች እንዲህ ሲባሉ እንዲያውም የበለጠ ይጓጓሉ።

ሰዓት ሌላው ጣጣ ነው። ግርዶሹ ጫፍ የሚደርስበትን ሰዓት ውጭ አገር የሚወጣው መረጃ በግሪንዊች ሰዓት 23:12 ይላል፣ ስልካችሁ 2:12 ይላል፣ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከሌሊቱ 8:12 ነው። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም ሙሉ ግርዶሽ በነበረ ጊዜ አንድ የኮምቦልቻ ተማሪ ስልኩ ላይ 9:12 አየና አላርሙን ለሌሊት 9:12 ሞላ። ግርዶሹ ግን ከምሽቱ 3:12 ላይ ነበር። ልጁ ሲነሳ ጨረቃ ከጥላው ወጥታ ሙሉ ብርሃኗን እያፈሰሰች ነው። ጠዋት ሲያገኘኝ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ቀኑም ያሳስታል፤ እሁድ ማታ የሚወጣ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ዘግይቷል።

ወሩ የረመዳን አጋማሽ አካባቢ ስለሚሆን «ለሱሁር ስነሳ አየዋለሁ» የሚልም አይጠፋም። አያዩትም። ግርዶሹ ከ6:12 ገደማ ጀምሮ 10:12 ላይ ያልቃል፤ ጥየማው የሚለየው ደግሞ ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ግድም ነው። ቀደም ብላችሁ ተነሱ፣ ወይ ከናካቴው አትተኙ። አንዴ ቀና ብሎ አይቶ መግባትም አይሆንም። 6 ሰዓት ላይ አንዴ በደንብ እዩአት፣ ከዚያ 8 ሰዓት ላይ ድገሙ፤ ያኔ ልዩነቱ ይገባችኋል።

ሳሮስን ያወቁ ሰዎችም የራሳቸው ስህተት አላቸው። ሳሮስ ፀሐይ፣ መሬትና ጨረቃ ወደ ተመሳሳይ አሰላለፍ የሚመለሱበት ዑደት ነው፤ 18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ። ቀኑን ይይዙና 8 ሰዓቷን ይረሷታል። በ8 ሰዓት መሬት የዙሯን አንድ ሦስተኛ ትዞራለች፣ ስለዚህ ግርዶሹ ሲመለስ ሌሊት የሚሆነው ሌላ አገር ነው። የዚህኛውን ዘር ማንዘር ተመልከቱ። የካቲት 2 ቀን 2001 ዓ.ም ሲሆን እኛ ጋ 11:38 ነበር፤ ጨረቃ ገና አልወጣችም። አሁን የካቲት 13 ሌሊት። ቀጥሎ የካቲት 24 ቀን 2037 ዓ.ም ረፋድ 4:42፣ ጨረቃ ከጠለቀች በኋላ። በተቀራራቢ ሰዓት ወደ ሰፈራችን የሚመለሰው ሦስት ዙር ሲሞላ፣ ከ54 ዓመት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው። እሱም ቢሆን ቁርጥ ራሱ አይሆንም፤ ይኼ ዘር በየዙሩ ወደ ዋናው ጥላ እየተጠጋ ነው፣ መጋቢት 5 ቀን 2055 ዓ.ም ላይ የጨረቃ ጠርዝ ጥላውን ይነካዋል።

ጦሳ ተራራ ካልወጣን የሚሉ አሉ። አያስፈልግም። 8 ሰዓት ላይ ጨረቃ ከአናታችሁ ትንሽ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ነው የምትገኘው፤ ግቢያችሁ ይበቃል። ጋቢ ደርቡ።

በስልክ ፎቶ የምታነሱ ደግሞ የካሜራውን የብርሃን መጠን በእጃችሁ ቆልፉት። ስልኩ ለራሱ ከተተወ የጠየመውን መልሶ ያደምቀዋል፣ ከዚያ «ምንም የለም» ትላላችሁ።

መነጽር ለዚህ አያስፈልግም፤ የጨረቃ ግርዶሽ ዓይን አይጎዳም። የሚያስፈልገው ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም ነው። ያን ቀን በሉክሶርና በመካ ላይ የሚያልፈው ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ እኛ ጋ በከፊል ይታያል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም የላሊበላው የቀለበት ግርዶሽ ጊዜ በራጅ ፊልምና በተራ ጥቁር መነጽር ፀሐይን ሲያዩ የነበሩ ልጆች አይቻለሁ። ሁለቱም አይከላከሉም። ትክክለኛውን የግርዶሽ መነጽር ከአሁኑ አፈላልጉ፣ ሐምሌ ሲደርስ አይገኝም።