መስማት ለተሳነው ልጃችሁ የቤተሰቡን የጤና ታሪክ ንገሩት

መስማት የተሳነው ወይም መስማት የሚቸገር ታዳጊ ያላችሁ ወላጆች፣ የቤተሰቡን የጤና ታሪክ ጊዜ ወስዳችሁ፣ እርሱ በሚገባው ቋንቋ እንድትነግሩት አደራ እላለሁ። የሚሰማ ልጅ የአያቱን የደም ግፊትም ሆነ የአክስቱን የስኳር ሕመም ማንም ሳያስተምረው ያውቃል፤ ትልልቆቹ ሲጨዋወቱ ጆሮው ጥልቅ ይላልና። መስማት የተሳነው ልጅ ግን እዚያው ማዕድ ላይ ተቀምጦ ወሬው ሁሉ ያልፈዋል፤ «ምን ተባለ?» ብሎ ሲጠይቅም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ምንም አይደል፣ በኋላ እነግርሃለሁ» የሚል ነው። ያ «በኋላ» ሳይመጣ ይቀርና ልጁ አንድ ቀን ብቻውን ሐኪም ፊት ሲቀርብ «ከቤተሰብህ አስም ያለበት አለ?» ለሚለው ተራ ጥያቄ መልስ ያጣል።

ሐኪም ዘንድ አብራችሁት ስትቀርቡም በእርሱ ፈንታ አትመልሱ። በምልክት ቋንቋ የሚግባባ ከሆነ ቀጠሮ ሲያዝ አስተርጓሚ እንዲገኝ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በጉርምስና ዕድሜ ያለ ልጅ ስለ ሰውነቱ ለውጥ በእናቱ ወይም በአባቱ አስተርጓሚነት በነጻነት ሊናገር አይችልም፣ ይህንንም ልንፈርድበት አይገባም። የተጻፈ ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ስላለው፣ ወረቀቱ የተጻፈበት ቋንቋ ለብዙዎቹ ሁለተኛ ቋንቋ ነው።

«ገባህ?» ብላችሁም አትለፉት፤ ባይገባውም ራሱን በአዎንታ ሊነቀንቅ ይችላል። ከዚያ ይልቅ መድኃኒቱን መቼና ስንት ፍሬ እንደሚወስድ በራሱ አገላለጽ መልሶ ያስረዳችሁ፤ «በቀን 3 ጊዜ» የተባለውን «3 ፍሬ በአንድ ጊዜ» ብሎ ተረድቶት እንደሆነ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።