ፋስ ስትገዙ የእጀታውን ጫፍ እዩ

ለካምፕ የሚሆን ፋስ ስትመርጡ ስለቱን ከመፈተሻችሁ በፊት ገልብጡና የእጀታውን የታችኛውን ጫፍ እዩ። የእንጨቱ የዕድገት ቀለበቶች እዚያ እንደ ቀጫጭን መስመር ይታያሉ። መስመሮቹ ከስለቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ ውሰዱት። አግድም ካቋረጡት ተዉት፤ በምት ብዛት በቀለበቶቹ መሃል ይሰነጠቃል። በእጀታው ጎንም የእንጨቱ የቃጫ መስመር ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ መውረድ አለበት፤ መሃል ላይ ወደ ጎን ከወጣ የሚሰበረው እዚያው ነው። ወፍራም ቀለም የተቀባ እጀታ ይህን ሁሉ ስለሚደብቅ ባትገዙት እመክራለሁ።

ለጭራሮና ለቀጫጭን ማገዶ ብረቱ ከ600 እስከ 700 ግራም፣ እጀታው ከ35 እስከ 40 ሳንቲሜትር ይበቃል። ወፍራም ግንድ ለመፍለጥ ግን አይሆንም፣ ትልቅ መጥረቢያ ያዙ።

ብረቱ ከላላ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት። እንጨቱ አብጦ ለጊዜው ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ከበፊቱ ይብሳል። ብረቱን ለማጥበቅ በእጀታው አናት ላይ የተመታውን ሽብልቅ አጥብቁ ወይም ቀይሩ።