ወደ ዊንዶውስ 11 ሲሻገሩ ኮምፒውተሩ ዝም ቢል፦ ችግርና መፍትሄ ለስክሪን ሪደር ተጠቃሚዎች

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ስለዚህ ወደ 11 መሻገር ለብዙ ሰው የግድ ሆኗል። 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) እንደሚያስፈልግ፣ ፋይልም አስቀድሞ ወደ ሌላ ዲስክ እንደሚገለበጥ አንባቢ ያውቃል ብለን እንለፈው። እዚህ የምናየው፣ ማየት ለሚችሉ የተጻፉ መመሪያዎች የማይነኩትን ነው፤ ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብልን ስክሪን ሪደር ዝም ሲል፣ ድምፁ የጠፋው በምን ምክንያት እንደሆነ እንዴት ይለያል?

ምልክት፦ መጫኑ ተጀምሮ፣ ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ከተነሳ በኋላ ጸጥ አለ

ይህ ብልሽት አይደለም። በመቶኛ የሚቆጥረው የመጫኛ ገጽ ላይ ኤንቪዲኤም ጆውስም ናሬተርም አይሠሩም (ሦስቱም ስክሪን ሪደሮች ናቸው፤ ናሬተር ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ነው)። ኮምፒውተሩ በዚህ መሃል ደጋግሞ ይነሳል። ኤስኤስዲ ባለው ማሽን አንድ ሰዓት ገደማ ሊፈጅ ይችላል፣ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ሦስት ሰዓትና ከዚያም በላይ።

ማብሪያ ማጥፊያውን ተጭነው አይያዙ። በዚህ ሰዓት የተቋረጠ መጫን ከተሳካለት ወደ 10 ይመለሳል፤ ካልተሳካለት ጨርሶ የማይነሳ ዊንዶውስ ይተዋል። ቻርጀሩ ተሰክቶ ይቆይ፣ የላፕቶፑም ክዳን አይዘጋ። የት እንደደረሰ ማወቅ ከፈለጉ የስልክዎን ካሜራ ወደ ስክሪኑ አዙረው ሲዪንግ ኤአይ ወይም ቢ ማይ አይስ በሚባሉት የስልክ መተግበሪያዎች መቶኛውን ያንብቡ፤ በየ20 ደቂቃው አንዴ ይበቃል። ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ቢቆምም አይደንግጡ፤ ቆይቶ በአንዴ የሚዘል ነው።

ምልክት፦ መጫኑ አልቋል፣ ግን መግቢያው ገጽ ላይም ከገቡ በኋላም ምንም ድምፅ የለም

ደጋግሞ የሚመጣው ይህኛው ነው። ብዙ ሰው የሚያጠፋውም እዚሁ ላይ ነው፤ «ስክሪን ሪደሬ ተበላሸ» ብሎ ኤንቪዲኤን ሊያራግፍ ይነሳል፣ ወይም አጠገቡ ያለ ሰው «ፎርማት ይደረግ» ብሎ ሁሉንም ነገር ጠርጎ ያጠፋለታል። እባክዎ ለማንም ፎርማት እንዲያደርግ አይፍቀዱ። ስክሪን ሪደሩ አብዛኛውን ጊዜ እየተናገረ ነው፤ ድምፁ የሚሄደው ግን ሌላ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮልና ኢንተርን አንድ ላይ ይጫኑ። ይህ ናሬተርን ያስነሳል፣ መግቢያው ገጽ ላይም ይሠራል። ናሬተር ከተናገረ የድምፅ ክፍሉ ደህና ነው፣ ችግሩ ኤንቪዲኤ ጋ ነው፤ ወደ ታች «ናሬተር ይናገራል፣ ኤንቪዲኤ አይናገርም» ወደሚለው ምልክት ይውረዱ። ናሬተርም ዝም ካለ ግን ኤንቪዲኤን አይንኩት። የሚከተሉትን በዚሁ ቅደም ተከተል ይሞክሩ።

የድምፅ መጨመሪያውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ። አንድ ጫና የሚጨምረው 2 በመቶ ብቻ ስለሆነ ከዜሮ እስከ ሙሉ 50 ጫና ይፈልጋል፤ አምስቴ ተጭነው «አልሠራም» አይበሉ። ማፈኛውን ቁልፍ በግምት አይንኩ፤ ክፍት የነበረውን ሊዘጋ ይችላል።

ቀጥሎ ኤችዲኤምአይ ኬብል (ኮምፒውተሩን ከሞኒተር ወይም ከቴሌቪዥን የሚያገናኘው) ካለ ይንቀሉት። ዊንዶውስ ሲሻሻል የግራፊክስ ድራይቨሩም (የምስል ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) አብሮ ሊታደስ ይችላል፤ ያኔ የኤችዲኤምአይ ድምፅ ዋናው መውጫ ሊሆን ይችላል። አስቸጋሪው ነገር፣ ስፒከር የሌለው ሞኒተር ሁሉ ሳይቀር ለዊንዶውስ «ድምፅ እቀበላለሁ» የሚልበት ጊዜ አለ፤ ርካሽ ሞኒተሮች በዚህ የታወቁ ናቸው። ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጎ ሁለቱንም ጊዜ ጸጥ ያለ ላፕቶፕ፣ በመጨረሻ ከጀርባው የተሰካ የቴሌቪዥን ኬብል ሲነቀል የተናገረበት አጋጣሚ አለ። ጠፍቶ የነበረው ቴሌቪዥን ያን ሁሉ ጊዜ ድምፁን ሲቀበል ነበር።

ኬብል ከሌለ ወይም ተነቅሎም ካልተናገረ በሽቦ የሚሰካ የዩኤስቢ ሄድሴት ይሰኩና 30 ሰከንድ ይጠብቁ። ይህ እቃ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም ከማንኛውም ዝግጅት በላይ ይጠቅማል፤ ተራ የዩኤስቢ ሄድሴት የሚሠራው በዊንዶውስ ውስጥ ባለው ድራይቨር ስለሆነ የላፕቶፑ ድምፅ ቢሞትም እሱ ይናገራል። ብሉቱዝ ሄድሴት ይህን ቦታ አይተካም፤ መግቢያው ገጽ ላይ ራሱ ስለመገናኘቱ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። «ለመጫን ልዩ ሶፍትዌር ያስፈልገዋል» የሚባል የዩኤስቢ ድምፅ ካርድም አይግዙ፤ ለዚህ ቀን አይሆንም። የገዙትን ሄድሴት ከማሻሻሉ በፊት ዊንዶውስ 10 ላይ ሰክተው ይፈትኑት።

ድምፅ ካገኙ በኋላ ዋናውን በሽታ ማከም ነው። ዊንዶውስና አር ተጭነው «ዲ ኢ ቪ ኤም ጂ ኤም ቲ ነጥብ ኤም ኤስ ሲ» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ፤ ዲቫይስ ማናጀር ይከፈታል። ኤስ ፊደልን እየተጫኑ «ሳውንድ፣ ቪዲዮ ኤንድ ጌም ኮንትሮለርስ» ላይ ሲደርሱ በቀኝ ቀስት ይክፈቱት። የድምፅ ካርዱ ከሌለ፣ ወይም ከስሙ አጠገብ ችግር እንዳለበት ከተነገረ፣ የአምራቹ ድራይቨር ወደ 11 በደህና አልተሻገረም ማለት ነው። ካርዱ በዝርዝሩ ውስጥ ካለ በላዩ ላይ ሺፍትና ኤፍ10 ይጫኑ፣ «አንኢንስቶል ዲቫይስ»ን ይምረጡ፣ ድራይቨሩም እንዲወገድ የሚጠይቀውን ሳጥን ምልክት አድርገው ኮምፒውተሩን ያስነሱት። ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ «ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ ዲቫይስ» የሚባለውን የራሱን ድራይቨር ይተካና ድምፁ ይመለሳል። የዩኤስቢ ሄድሴቱ በዚህ ሁሉ ጊዜ እንደተሰካ ይቆይ፤ ያለ እሱ ይህን እርምጃ አይጀምሩ።

ካርዱ ጨርሶ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ መፍትሄው የአምራቹን ድራይቨር መጫን ነው። ስለዚህም ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ አስቀድሞ አውርዶ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። «ድራይቨር በነፃ እናድሳለን» ከሚሉ ፕሮግራሞች ይራቁ፤ ግማሹን ሥራቸውን በማይነበብ መስኮት ይሠራሉ፣ ያልተጠየቁትንም ይጭናሉ።

ካርዱ ካለና ድምፁ ወደ ተሳሳተ መውጫ ከሄደ ዊንዶውስና አር፣ ከዚያ «ኤም ኤም ኤስ ዋይ ኤስ ነጥብ ሲ ፒ ኤል»። በቀስት ስፒከሩን ይምረጡ፣ በታብ «ሴት ዲፎልት» ላይ ደርሰው ስፔስ ይጫኑ።

ምልክት፦ ከገባሁ በኋላ ይናገራል፣ መግቢያው ገጽ ላይ ግን ዝም ይላል

የኤንቪዲኤ ጄኔራል ማስተካከያ ውስጥ በመግቢያው ገጽ እንዲሠራ የሚያዝዘው ሳጥን ምልክት እንዳለው ይዩ። ካለው፣ እዚያው ያለውን «አሁን የተቀመጠውን ማስተካከያ በመግቢያ ገጽ ተጠቀም» የሚለውን አዝራር ይጫኑ። መግቢያው ገጽ የራሱ ቅጂ አለው፤ የድምፅ መውጫውን ከገቡ በኋላ ብቻ ካስተካከሉ እሱ በአሮጌው መንገድ ይቀጥላል። ከፍላሽ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ኤንቪዲኤ ግን መግቢያውን ገጽም የአስተዳዳሪ ፈቃድ መጠየቂያውንም አያነብም። መጫን ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ፒኑን በትክክል እጽፋለሁ፣ አይቀበልም

የቁጥሮቹን ጎን አይጠቀሙ፤ ነም ሎክ ጠፍቶ ይሆናል። ከፊደላቱ በላይ ባለው ረድፍ ይጻፉ። የሚጽፉት የይለፍ ቃል ከሆነና የአማርኛ ኪቦርድ ካለዎት ዊንዶውስና ስፔስ ተጭነው ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩ። በግምት መደጋገም ይቅር፦ ፒን ብዙ ጊዜ ከተሳሳተ ዊንዶውስ መጀመሪያ ኤ1ቢ2ሲ3 የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል እንዲጽፉ ይጠይቃል፤ ያለ ድምፅ ይህን የሚያውቅ የለም።

ምልክት፦ ናሬተር ይናገራል፣ ኤንቪዲኤ አይናገርም

ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤን አንድ ላይ ይጫኑ። ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ያረጀ ተጨማሪ (አድ-ኦን) ነው የሚጥለው፤ ኤንቪዲኤንም ተጨማሪዎቹንም ከማሻሻሉ በፊት ያድሱ። እንግሊዝኛውን እያነበበ አማርኛውን የሚዘል ከሆነ ድምፁ የዊንዶውስ ወደሆነው ዋንኮር ተመልሷል ማለት ነው፤ ኤንቪዲኤ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ኤስ ተጭነው «ኢስፒክ ኤንጂ» የሚለውን ይምረጡ፣ አማርኛ አለው።

ምልክት፦ ቲፒኤምን ባዮስ ውስጥ አብርቼ ስመለስ ኮምፒውተሩ አይነሳም

ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ እየጠበቀ ይሆናል። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ላይም፣ ቁልፉ የሚጠየቅበት ገጽ ላይም ኤንቪዲኤ የለም። ባዮስን ከመንካትዎ በፊት ቢትሎከርን ለጊዜው ያቁሙት፣ ቁልፉንም ስልክዎ ላይ ስድስት ስድስት አሃዝ አድርገው ይያዙት። ባዮሱን የሚያይ ሰው ያግዝዎት፤ ከቲፒኤምና ከሴኪዩር ቡት ሌላ ምንም እንዳይነካ አስቀድመው ይንገሩት።

ብርቅ የሆኑ፦ 11ኛ ትውልድ ኢንቴል ባላቸው ማሽኖች የስማርት ሳውንድ ድራይቨር 10.29.0.5152 ወይም 10.30.0.5152 ከ11 ጋር ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፤ አስቀድሞ ይታደስ። የንግግሩ የመጀመሪያ ፊደል ከተቆረጠ የድምፅ ካርዱ እያንቀላፋ ነው፤ አዳዲሶቹ ኤንቪዲኤዎች ነቅቶ እንዲቆይ የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው።

ሁሉም አልሆን ካለ ወደ 10 መመለስ የሚቻለው በ10 ቀን ውስጥ ነው፤ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ፣ «ጎ ባክ»። እስከዚያ ድረስ «ዊንዶውስ ነጥብ ኦልድ» የሚለውን ፎልደር ቦታ ይዞብኛል ብለው እንዳያጠፉት።