የውጭ ፓተንት በፈቃድ ሲገዙ ዕውቀቱ ሳይመጣ እንዳይቀር
በአቃቂ ቃሊቲ፣ በገላን፣ በዱከም ወይም በቂሊንጦ ያለ ፋብሪካ የውጭ ኩባንያን ቴክኖሎጂ በፈቃድ ሲወስድ የሚገዛው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ፓተንቱ (ሌላ ሰው ፈጠራውን ያለፈቃድ እንዳይሠራበት የሚከለክለው የተመዘገበ መብት) ነው፤ የታተመ ሰነድ ስለሆነ ማንም ያነበዋል። ሌላው በባለሙያዎቹ እጅ ያለው የአሠራር ዕውቀት ነው፦ የትኛው ግብዓት እንደሚቀድም፣ ማደባለቂያው በምን ፍጥነት እንደሚዞር፣ ውህዱ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ። ክርክር የሚበዛው በዚህኛው ላይ ነው፤ «በቅጡ አላስተማሩኝም» የሚለውን በማስረጃ ማሳየት እጅግ ከባድ ነውና።

ልግመቱ ከሁለቱም ወገን ይመጣል። ሻጩ ገንዘቡን በሙሉ አስቀድሞ ከተቀበለ ጎበዝ ባለሙያውን ለመላክ የሚያስገድደው ነገር አይኖርም። ገዢው ደግሞ ሥራውን ከለመደ በኋላ ቀሪውን ክፍያ ለማስቀረት ወይም ሽያጩን አሳንሶ ለማሳወቅ ይፈተናል፤ የተማረውን ማንም መልሶ አይወስድበትም። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ገና ከጅምሩ ዕውቀቱን ይቆጥባል።

ከድርድሩ በፊት ፓተንቱ ኢትዮጵያ ውስጥ መመዝገቡን ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያጣሩ። ፓተንት የሚጸናው በተመዘገበበት አገር ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ዘመኑ 15 ዓመት ነው፤ ፈጠራው አገር ውስጥ በአግባቡ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። እዚህ ካልተመዘገበ፣ ለአገር ውስጥ ገበያ የሚከፍሉት ለዕውቀቱ ብቻ ነው፤ ዋጋውን በዚያ ልክ ይደራደሩ። ምርቱን ኬንያ ለመሸጥ ካሰቡ የኬንያውንም ምዝገባ ይዩ። አንድ ነገር ግን አይርሱ፦ ፓተንቱ የሻጩ መያዣ ነው። ገዢው ክፍያ ቢያቆም ፈቃዱን ሰርዞ ምርቱን ማስቆም ይችላል። መያዣ የሌለው ሻጭ ብዙ ቅድመ ክፍያ ይጠይቃል፤ መልስዎ ቅድመ ክፍያ ሳይሆን የባንክ ዋስትና ይሁን።

የፓተንቱንና የዕውቀቱን ክፍያ ለያይተው ይጻፉ። ከተጣራ ሽያጭ 4 በመቶ ሮያሊቲ (በየጊዜው ከሽያጩ ለሻጩ የሚከፈል ድርሻ) ከተስማሙ፣ ለምሳሌ 1.5ቱ ለፓተንቱ፣ 2.5ቱ ለዕውቀቱ ይባል፤ ፓተንቱ ሲያበቃ የራሱ ድርሻ ይቆማል። ውሉ በአሜሪካ ሕግ የሚገዛ ከሆነ መለያየቱ ለሻጩም ይበጃል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፓተንት ካለቀ በኋላ በእሱ ሮያሊቲ ማስከፈል እንደማይቻል እ.ኤ.አ. በ1964 ወስኖ በ2015 አጽንቶታል።

ብዙ ቀን ሊወስድ የሚገባው የዕውቀቱ አባሪ ነው። «አስፈላጊው የቴክኒክ ድጋፍ ይሰጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስገድድም። አባሪው የሚላኩትን ባለሙያዎች ሙያና ልምድ፣ የሚቆዩበትን የሥራ ቀን ብዛት፣ የእያንዳንዱን ግብዓት የጥራት ወሰን፣ የማሽኖቹን ቅንብርና የላቦራቶሪ መፈተሻ ዘዴዎችን ይዘርዝር። የሻጩ ፋብሪካ ያጋጠሙት ብልሽቶችና የተፈቱበት መንገድ መዝገብም ይጠየቅ፤ ሻጮች ለመስጠት የሚያመነቱት ይህን ነው፣ ዋጋ ያለውም ይኸው ነው።

ቀመሩ ለዚህ ቦታ የተስተካከለ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። አዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት የፋብሪካ አካባቢዎች ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ናቸው፤ ውሃ በ92 እና በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ይፈላል፣ አየሩም ስስ ነው። በባሕር ጠረፍ ላይ የተለካ የማትነኛ ሙቀት፣ የማቃጠያ አየር መጠንና የኮምፕሬሰር አቅም እዚህ እንዳለ አይሠራም። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ፋብሪካ ውሃውን አስመርምሮ ውጤቱን ከአባሪው ጋር ያያይዝ፤ አለበለዚያ ምርት ሲበላሽ ሻጩ «ውሃችሁ ነው» ይላል።

ከሮያሊቲው ሌላ ያለውን የመነሻ ክፍያ በአራት ከፋፍለው ይክፈሉ፦ 20 በመቶ ውሉ ተፈርሞ ሲመዘገብ፣ 25 በመቶ ሰነዱና ሥልጠናው ሲሟላ፣ 35 በመቶ የብቃት ሙከራው ሲታለፍ፣ 20 በመቶ ከ12 ወር ምርት በኋላ። ሙከራውን የሚያካሂዱት የእርስዎ ሠራተኞች ይሁኑ፤ በአገር ውስጥ ግብዓት፣ በተከታታይ ሦስት ዙር ምርት፣ የሻጩ ባለሙያዎች እጃቸውን ሳያስገቡ። እነሱ ማሽኑን ከነኩ የሚለካው የእነሱ ችሎታ ነው። ለእያንዳንዱ ወሳኝ ክፍል ቢያንስ ሦስት ሰው ይሠልጥን፤ አንዱ ሥራ ሲለቅ ዕውቀቱ አብሮት እንዳይወጣ።

ሮያሊቲ ሻጩ ከምርቱ ስኬት ጋር እንዲቆይ ያደርጋል፤ ለገዢው ግን ሽያጭን መደበቂያ ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ «የተጣራ ሽያጭ» ምን ምን እንደሚቀነስለት በዝርዝር ይገለጽ፣ ገለልተኛ ኦዲተርም በዓመት አንዴ መዝገብ ይይ፤ ጉድለቱ ከ5 በመቶ ካለፈ የኦዲቱን ወጪ ገዢው ይሸፍን። ግብዓት ከሻጩ ብቻ እንዲገዛ የሚያስገድድ አንቀጽ ካለ ዋጋው ከዓለም ገበያ ጋር ይታሰር፤ ያለዚያ በሮያሊቲ የቀነሰልዎትን በግብዓት ይወስደዋል።

ውሉን በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ያስመዝግቡ፤ ባንኩ የውጭ ምንዛሪ ለመላክ ምዝገባውን ይጠይቃል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን፣ ሮያሊቲው በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚሰላ ይጻፍ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የኒውዮርክ ኮንቬንሽንን ስለተቀበለች ውጭ የተሰጠ የግልግል ውሳኔ እዚህ ሊፈጸም ይችላል፤ የግልግሉ ቦታና ቋንቋ ከመፈረሙ በፊት ይወሰን። ሮያሊቲና የቴክኒክ አገልግሎት ክፍያ በታክስ ሕጉ አንድ ዓይነት ስላልሆኑ፣ በደረሰኙ ላይ ለየብቻ እንዲታዩ ሻጩን በውሉ ያስገድዱ።