ከጥርስ አጥንት ንቅለ ተከላ በኋላ፦ በዕድሜ ሰበብ የሚሠሩ ስህተቶች

የጥርስ አጥንት ንቅለ ተከላ ማለት ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር (ኢምፕላንት) እንዲተከል በጎደለው መንጋጋ ላይ የአጥንት ፍሬዎች መሙላት ነው። የመጀመሪያው ስህተት «አርጅቻለሁ፤ አጥንቱ አይይዝልኝም» ብሎ መተው ነው። ዕድሜ ሲገፋ አዲስ አጥንት የሚሠሩት ሕዋሳት ይቀንሳሉ፤ መንጋጋውን የሚመግበው ደምም ያንሳል። ስለዚህ አጥንቱ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ስኳሩን የተቆጣጠረ የ70 ዓመት አዛውንት በየቀኑ ከሚያጨስ የ35 ዓመት ጎልማሳ በተሻለ ሊድን ይችላል።

ሁለተኛው የሌላ ሰው ቀጠሮ መቅዳት ነው። በተነቀለ ጥርስ ጉድጓድ የተሞላ አጥንት ኢምፕላንት እስኪሸከም አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር፣ በላይኛው መንጋጋ ከሳይነስ (ከመንጋጋው በላይ ካለው አየር የሞላበት ክፍተት) ሥር የተጨመረው ደግሞ ከ6 እስከ 9 ወር ይፈልጋል። ልጅዎ በ4 ወር ጨረሰ ማለት እርስዎም ይጨርሳሉ ማለት አይደለም። ድዱ በ2 ወይም 3 ሳምንት ይዘጋል፣ ሕመሙም ይጠፋል፤ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ከሥር ያለው አጥንት ገና ልል ነው፤ መጠንከሩም የሚታየው በራጅ ነው።

ከሁሉም የከፋው መድኃኒትን አለመናገር ነው። ለአጥንት መሳሳት በሳምንት አንዴ የሚዋጠው አሌንድሮኔት፣ በተለይ ለዓመታት ከተወሰደ፣ አልፎ አልፎ የመንጋጋ አጥንት እንዲሞት ያደርጋል። እናቶች «የወገብ ኪኒን ናት» ብለው የሚያልፏት ይህቺው ናት፤ ፓኮውን ይዘው ይሂዱ። ዋርፋሪን ወይም አስፒሪን የሚወስዱ ደግሞ በራሳቸው ፈቃድ አያቋርጡ፤ የድድ መድማት በጨርቅ ይያዛል፣ የረጋ ደም ግን ጭንቅላት ወይም ልብ ሊመታ ይችላል። ስኳር ያለበት የ3 ወር አማካይ የደም ስኳሩን አስቀድሞ ያስመርምር፤ ከ8 በመቶ በላይ ከሆነ ብዙ ሐኪሞች ሥራውን ያቆዩታል። በየ8 ሰዓቱ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ከረመዳን ጋር ስለማይገጥም፣ የማያስቸኩል ከሆነ ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ ይቀጠር።

ተነቃይ ጥርስን ቶሎ መልሶ ማድረግም የተሞሉትን የአጥንት ፍሬዎች ይገፋቸዋል። ሐኪሙ ከሥሩ ሳይሞርድልዎ አያድርጉት።

የላይኛው መንጋጋ ጥርሳቸው ከወለቀ ብዙ ዓመት የሆናቸው አዛውንቶች አጥንታቸው ስለሚሳሳ የሳይነስ ሥራ ያስፈልጋቸው ይሆናል። ለዚህ አዲስ አበባ ሄደው በማግስቱ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ መመለስ ስህተት ነው፤ የአየር ግፊቱ ሳይነሱን ይጫነዋል። ለ2 ሳምንት ያህል ከመብረርና ከመናፈጥ ይታቀቡ፤ ማስነጠስ ከመጣ አፍ ከፍቶ ነው። በመኪና ቢመለሱም ደሴ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነውና፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ስፌቱን የሚያወጣልዎትን ሰው ከመጓዝዎ በፊት ያመቻቹ።

ቡናው ካልቀረ ለብ ብሎ ይጠጣ። ጫት ግን በየትኛውም ዕድሜ ይቅር፤ ገረባው ስፌቱን ይጭራል፣ አፍንም ያደርቃል።

ወጣትነትም የራሱ ወጥመድ አለው። ለ15 ዓመት ልጅ «አጥንቱ ቶሎ ይይዛል» ብሎ ኢምፕላንት ማስገባት አይገባም። መንጋጋው ሲያድግ ሌሎቹ ጥርሶች አብረው ይወርዳሉ፣ ኢምፕላንቱ ግን በቦታው ቀርቶ አጭር ይመስላል። ሴቶች ቢያንስ እስከ 17 ወይም 18፣ ወንዶች እስከ 20 ወይም 21 ዓመት ይጠብቁ፤ እስከዚያው ከአጠገቡ ጥርስ ጀርባ የሚለጠፍ ጊዜያዊ ጥርስ ክፍተቱን ይሸፍናል።