ከበተን ወንበር ኮል ስናደርግ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር በበቆሎ ፍሬ እየተወራረድን ቴክሳስ ሆልደም (እያንዳንዱ ሰው ሁለት የግል ካርታ ይዞ ጠረጴዛው ላይ ከሚገለጡት አምስት የጋራ ካርታዎች ጋር የሚያጣምርበት የፖከር ዓይነት) ስንጫወት፣ ፍሬው በከንቱ ሲያልቅ ደጋግሜ የማየው ከበተን ወንበር (በየእጁ ከሚዞረው የአዳይ ቦታ) ነው። ይህ ወንበር ከፍሎፕ (ከመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች) በኋላ ከሁሉም መጨረሻ የሚወስን በመሆኑ የጠረጴዛው ምርጥ ቦታ ነው፤ ሆኖም ብዙዎቻችን ይህን ብልጫ በሸመደድነው የኮል (የተወራረደብንን ያህል ከፍሎ የመቀጠል) ካርታዎች ዝርዝር ወይም በችኮላ ግምት እናባክነዋለን።

ከሁሉ የከፋው ስህተት፣ ሬይዝ ያደረገው (ውርርዱን ከፍ ያደረገው) ማን እንደሆነ ሳያዩ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ካርታ ኮል ማድረግ ነው። ከ52 ካርታ 1,326 የሁለት ካርታ ጥምረቶች ይወጣሉ። ከአስር ጥንድ ጀምሮ ባሉት ጥንዶችና በኤስ-ኪንግ ብቻ ሬይዝ የሚያደርግ ጥንቁቅ ተጫዋች ከእነዚህ መካከል 46ቱን ብቻ ይጫወታል፤ በማናቸውም ጥንድና በማናቸውም ኤስ ሬይዝ የሚያደርገው ግን 270 ጥምረቶች አሉት። ኤስ-ጃክ በሁለተኛው ፊት መልካም ካርታ ነው። በመጀመሪያው ፊት ግን ጠረጴዛው ላይ ኤስ ቢወጣልን እንኳ፣ ትልቅ ውርርድ ይዞ የሚቀጥለው ብዙውን ጊዜ ኤስ-ኪንግ የያዘው ነው።

ሁለተኛው ዋጋን መርሳት ነው። ቡሬ ገበያ ጤፍ የሚሸምት ሰው የዕለቱን ዋጋ ሳይሰማ ገንዘቡን አይቆጥርም፤ እኛ ግን ፍላሽ (አምስት አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ካርታዎች) ስንጠብቅ ዋጋ ሳንጠይቅ እንከፍላለን። ፖቱ (የተወራረድነው ክምችት) ውስጥ 20 ፍሬ ሳለ ተጋጣሚያችን 10 ቢያስቀምጥ፣ 10 ከፍለን 30 ለማግኘት ስለምንሞክር፣ ላለመክሰር ከአራት አንዴ ማሸነፍ ይበቃናል፤ 20 ቢያስቀምጥ ግን ከሦስት አንዴ ማሸነፍ አለብን። ሁለት በእጃችን፣ ሁለት ጠረጴዛው ላይ፣ በድምሩ አራት ልብ ይዘን አንድ ካርታ ብቻ ሲቀር፣ ካላየናቸው 46 ካርታዎች የሚጠቅሙን 9 ናቸው፤ ይህም 20 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ለ10 ፍሬው የምናደርገው ኮል በራሱ አያዋጣም፤ የሚያዋጣው ፍላሹ ሲሞላ ተጋጣሚው በአማካይ ከ11 ፍሬ በላይ የሚጨምርልን ከሆነ ነው። ካርታውና ዋጋው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሦስተኛው ልብ ጠረጴዛው ላይ ሲወርድ የሚሸሽና እያየ የሚከፍል ሰው የተለያየ ውሳኔ የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፣ ከኋላችን ሁለቱ ብላይንዶች (ካርታ ሳያዩ የግዴታ ውርርድ የሚያስቀምጡት ተጫዋቾች) ገና እንዳልወሰኑም እንዘነጋለን። ከመካከላቸው አንዱ ደጋግሞ ዳግም ሬይዝ የሚያደርግ ከሆነ፣ ደካማው ኮላችን ፍሎፑን ሳያይ ይጠፋል።

አራተኛው ስህተት የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው፤ ይህንንም በጣም እፈራዋለሁ፣ ብልህነት ስለሚመስል። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሬይዝ ሲያደርግ «ዛሬ እያታለለ ነው» ብለን ኮላችንን እናሰፋለን። ነገር ግን ከአምስት እጅ በአንዱ ሬይዝ የሚያደርግ ሰው በተሰጡ ሦስት ተከታታይ እጆች ሁሉ ሬይዝ የማድረግ ዕድሉ ከ125 አንድ ነው፤ መቶ ያህል እጅ በምንጫወትበት ምሽት ይህ ቢከሰት ሊያስገርም አይገባም። ስለዚህ የማላውቀው ሰው ሲቀመጥ በዝርዝሬ እጸናለሁ፤ ከዝርዝሬ የምወጣውም ካርታውን ገልጦ ሲያሳይ ደጋግሜ ካየሁ በኋላ፣ መጀመሪያ በድንበር ላይ ባሉት እንደ ኤስ-ጃክ በመሰሉ እጆች ብቻ ነው።